ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ከመላካችሁ በፊት ስዊፍት ኮዱን እንዲህ አጣሩ

ወደ ሌላ አገር ባንክ ገንዘብ ስትልኩ ቅጹ ላይ «ስዊፍት ኮድ» የሚል ቦታ አለ፤ ገንዘቡ የሚደርስበትን ባንክ የሚለይ ኮድ ነው። ብዙ ሰው የተነገረውን ሳያየው ይሞላዋል። እባካችሁ፣ ከመሙላታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡትና አንብቡት።

መጀመሪያ ኮዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ተቀባዩ ከባንኩ መተግበሪያ ወይም ከሂሳብ መግለጫው ላይ ኮፒ አድርጎ ይላክላችሁ። በስልክ ሲነበብ «ቢ» እና «ፒ» ይምታታሉ። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ «ኦ» ዜሮ ይመስላል።

ቀጥሎ ቁጠሩት። ወይ 8 ነው ወይ 11። ከዚህ ውጭ ከሆነ ስህተት አለው።

አሁን ከፋፍሉት። የፍራንክፈርቱን ዶይቸ ባንክ እንይ፦ ዲ-ኢ-ዩ-ቲ-ዲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ባንኩን ይናገራሉ። ቀጣዮቹ 2 አገሩን፤ ዲ-ኢ ጀርመን ነው። ከዚያ ያሉት 2 ቦታውን። ሌላ 3 ከተጨመረ ቅርንጫፉን ያሳያል። ሦስቱም ኤክስ ከሆኑ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

እኔ ቀድሜ የማየው 5ኛውንና 6ኛውን ፊደል ነው። ኤ-ቲ ኦስትሪያ ነው፣ ኤ-ዩ አውስትራሊያ። ሲ-ኤች ደግሞ ቻይና ይመስላል እንጂ ስዊዘርላንድ ነው፤ ቻይና ሲ-ኤን ናት። ገንዘቡ የሚሄድበት አገር እዚያ ላይ ካልታየ፣ ተቀባዩን ሳትጠይቁ አትላኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊፍት ኮድ ባንኩን እንጂ የሰውየውን ሂሳብ አያውቅም። ለአውሮፓ አገሮች አይባን የሚባለው ረጅም የሂሳብ ቁጥር አብሮ ይፈለጋል። አይባን ውስጥ 3ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ማረጋገጫ አሃዞች አሉ፤ አንድ ቁጥር ብትሳሳቱ ሲስተሙ ይይዘዋል። ስዊፍት ኮድ ግን እንዲህ ያለ መጠበቂያ የለውም። ተሳስታችሁ የጻፋችሁት የሌላ ባንክ ኮድ ከሆነ ማሽኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ዓይናችሁ የሚያስፈልገው።

አሜሪካ አይባን አትጠቀምም። ለዚያ የሂሳብ ቁጥርና ባንኩን የሚለየውን ባለ 9 አሃዝ ራውቲንግ ቁጥር ጠይቁ።

የተቀባዩን ስም ባንኩ እንደመዘገበው ጻፉ፤ የቤት ስም አይሆንም። መሃል ላይ የሚያገናኝ ባንክ ካለ የእሱንም ኮድ ጠይቁ። የአገልግሎት ክፍያውን ማን እንደሚሸፍንም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ተቆርጦ ይደርሳል።

ከላካችሁ በኋላ ገንዘቡ መላኩን የሚያሳየውን ማስረጃ (ቀድሞ ኤም ቲ 103 ይባል የነበረውን) ከባንካችሁ ተቀበሉ። ገንዘቡ ከዘገየ ተቀባዩ ያንን ይዞ ባንኩ እንዲፈልግለት ይጠይቃል።