ሳይንስን በእንግሊዝኛ እንዴት እናስተምር? ተማሪውን የሚያደናቅፈው ትንሹ ቃል ነው

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይንስን በሰው ቋንቋ መማር ድርብ ሸክም ነው። ትምህርቱ ራሱ ይከብዳል፤ እንግሊዝኛው ይጨመርበታል። መምህሩ ሳይንሱን ሳያሳንስ ሁለተኛውን ሸክም ማቅለል ይችላል።

1. ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አሳሳች ቃላትን ለዩ

ብዙዎቻችን የምንጨነቀው እንደ "ፎቶሲንተሲስ" ላለው ረጅም ቃል ነው። እሱ ግን ለሁሉም አዲስ ስለሆነ ይብራራል፣ ይጠናል። ጉዱ ያለው ተማሪው አውቀዋለሁ በሚለው ቃል ላይ ነው።

"ወርክ"ን ውሰዱ። ተማሪው ሥራ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ የቆመ ሰው ላቡ ጠብ ሊል ይችላል። ሻንጣው ግን ስላልተንቀሳቀሰ በፊዚክስ ቋንቋ በሻንጣው ላይ የተሠራው ወርክ ዜሮ ነው።

"ስፖንቴኒየስ" ደግሞ ይብሳል። ተማሪው "ድንገት፣ ቶሎ የሚሆን" ብሎ ይይዘዋል። በኬሚስትሪ ግን ቃሉ ለውጡ ከውጭ ሳይገፋ በራሱ ሊሄድ ይችላል ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም። በተለመደው የክፍል ሙቀትና የአየር ግፊት አልማዝ ወደ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ወዳለው ጥቁር ነገር) መለወጡ ስፖንቴኒየስ ነው። ሆኖም ቀለበት ላይ ያለ አልማዝ ግራፋይት ሲሆን ያየ ሰው የለም።

እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ቃላት ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አታጥፏቸው። "አንለስ" (ካልሆነ በቀር) እና "ፕሮቫይድድ ዛት" (እስከሆነ ድረስ) የሚሉትንም አትርሱ፤ እነዚህ ያመለጡት ተማሪ ሕጉን ገልብጦ ይረዳል።

2. ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ

ቃል እየጎተቱ መናገር አያስፈልግም። አጭር ተናገሩ፣ ትንፋሽ ውሰዱ። ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ተጠቀሙ። ቀመር ስትጽፉ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ተማሪው እንዴት እንደሚነበብ ካላወቀ ስለ ቀመሩ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ይፈራል።

3. ጠይቃችሁ ጠብቁ

"ገባችሁ?" አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንዳሳዩት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ ጥያቄውን በልቡ ተርጉሞ፣ አስቦ፣ መልሱን መልሶ መተርጎም አለበት። ስለዚህ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ይወያዩና መልሱን በእንግሊዝኛ ይንገሯችሁ። ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ክፍሉ ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

4. ፈተና ላይ ሐሳቡን አርሙ

"ስቴት" (ግለጽ)፣ "ኤክስፕሌይን" (አብራራ) እና "ዲራይቭ" (ቀመሩን ከመነሻው አውጣ) ምን ምን እንደሚጠይቁ ቀድማችሁ በምሳሌ አሳዩ። የጋዝን ግፊትና ይዘት ስለሚያገናኘው የቦይል ሕግ ተጠይቆ "ቴምፕሬቸር ኮንስታንት፣ ፕሬሸር ኢንክሪዝ፣ ቮሊዩም ዲክሪዝ" (ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊት ሲጨምር ይዘት ይቀንሳል ለማለት) ብሎ የጻፈ ተማሪ ሰዋስው ቢጎድለውም ግንኙነቱን ይዞታል። ነጥቡን አትቀንሱበት። የተስተካከለውን ዓረፍተ ነገር ከጎኑ በእርሳስ ጻፉለት።