ቲኤነትም (የማስተማር ረዳትነትም) ሥራ ነው፦ ለማስተርስና ለፒኤችዲ አሜሪካ ለገባችሁ

አሜሪካ የገባሁት በኦገስት አጋማሽ ነው፤ ኪሴ ውስጥ 600 ዶላር ነበረኝ። የቅበላ ደብዳቤዬን ሀገር ቤት ሳለሁ ስንቴ አንብቤው ይሆን? የስታይፐንዱን፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለኝን የኑሮ ገንዘብ፣ መጠን በቃሌ ይዤው ነበር፣ መቼ እንደሚከፈል ግን ልብ አላልኩም። የመጀመሪያው ደመወዝ የገባው ሴፕቴምበር 30 ነው። እስከዚያ አንድ ሀበሻ ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ እያደርኩ፣ ምስርና ሩዝ እያፈራረቅኩ ከረምኩ።

ስለዚህ ደብዳቤውን እንደ ሥራ ውል አንብቡት። ክፍያው የ9 ወር ነው የ12? የ9 ወር ከሆነ ክረምቱን የሚያበላችሁ ማን ነው? ትምህርት ክፍያው ተሰርዞላችሁም ቢሆን «ፊ» እያሉ በየሴሚስተሩ የሚያስከፍሉት ሌላ ገንዘብ አለ፤ እሱን ማን ይሸፍናል? የጤና ኢንሹራንሱስ? ለዲፓርትመንቱ አስተባባሪ በኢሜይል ጠይቁ። ስለ ገንዘብ መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ትምህርት ላይ ሳላችሁ በግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ቲኤ ወይም አርኤ (የምርምር ረዳት) ሆናችሁ 20ው ከሞላ፣ ላይብረሪ ሌላ ሥራ መደረብ አይቻልም። ትምህርት ሲዘጋ ሙሉ ሰዓት ይፈቀዳል። ከግቢ ውጭ ግን ያለ ፈቃድ ምንም። «እኛ ሬስቶራንት ቅዳሜና እሁድ እየመጣህ አግዘን፣ በካሽ እንከፍልሃለን» የሚል የሀገር ሰው አይጠፋም። ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ሊረዳችሁ ብሎ ነው። ታክሲና ዴሊቨሪም እንደዚያው። ከተደረሰበት የሚበላሸው የእሱ ሳይሆን የእናንተ ቪዛ ነው። በኤፍ-2 የመጣች ሚስት ወይም የመጣ ባልም መሥራት አይችሉም፤ ቤተሰብ ከማምጣታችሁ በፊት ሒሳቡን በአንድ ደመወዝ ሥሩት።

የመጀመሪያው ፔይ ስተብ (የደመወዝ ዝርዝሩ) ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትዝጉት። በኤፍ-1 የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ 5 የካላንደር ዓመታት በአብዛኛው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ (ለጡረታና ለአዛውንቶች ሕክምና የሚቆረጠውን) አይከፍልም። ሁለቱ ሲደመሩ 7.65 በመቶ ናቸው። እኔ አራት ወር ሙሉ ተቆረጠብኝ። ፔይሮል ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ አንዲት ሴትዮ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ስህተት ነው» አለችና ገንዘቡን መለሰችልኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አራት ወር የፈጀው ይሉኝታዬ ነው። የገቢ ግብሩ ግን አይቀርም፤ እሱንም የምትሞሉት እንደ ዜጋው በ1040 ቅጽ ሳይሆን በ1040-ኤንአር ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ጥናታችሁን ወደሚመራው አድቫይዘር። «በስሜ ጥራኝ» ይላችኋል። በስሙ ጥሩት፣ አለቃነቱን ግን አትርሱ። ብዙዎቻችንን የሚያጋጨን «እሺ» የምትለዋ ቃል ነች። የእኛ «እሺ» «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። እነሱ ጋ «እስከ ዓርብ አደርሳለሁ» ማለት ነው። ያልገባችሁን እዚያው አልገባኝም በሉ። ከስብሰባ ስትወጡ የተስማማችሁበትን በሦስት መስመር ኢሜይል ጻፉለት። ነገር ሲበላሽ የምታሳዩት ወረቀት ይኖራችኋል። 20 ሰዓት የተባለው ሥራ 35 ሲሆንም የሠራችሁትን ሰዓት መዝግቡና አናግሩት።

የሠራተኛ ማኅበር ካለ መግባት መብታችሁ ነው፤ ቪዛ አይከለክልም። በ2022 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት 48 ሺህ ያህል ተማሪ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ለሳምንታት ሥራ አቁመው የደመወዝ ጭማሪ አግኝተዋል።

ስለ ሥራ ማሰብ የሚጀመረው ግን ቲሲስ ሲያልቅ አይደለም። ለክረምት ኢንተርንሺፕ ማመልከቻ በብዛት የሚከፈተው በቀደመው መጸው ነው፤ የመምህርነት ማስታወቂያውም አብዛኛው ያኔ ይወጣል። ኢንተርንሺፑን የምትሠሩት በሲፒቲ (ሳትመረቁ ከትምህርታችሁ ጋር ለተያያዘ ሥራ በሚሰጥ ፈቃድ) ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሙሉ ሰዓት 12 ወር ከሞላ በዚያው ዲግሪ ኦፒቲ (በተማሩት ሙያ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ) የለም። ኦፒቲ ደግሞ ከምረቃ በኋላ 12 ወር ያሠራል፤ ሳይንስ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ የተማረ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ነው። ለኩባንያ ከሆነ በዓመት 85 ሺህ ኮታ አለው፤ ዕጣ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከኮታው ውጭ ናቸው። ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ክፍያው አነስ ቢልም ብዙ ሀበሻ የሚመርጠው በዚህ ነው፤ እኔም አልፈርድም። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚነካካ ቡና ላይ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትወስኑ፣ የኢንተርናሽናል ቢሮውን ጠይቁ።

ኦፒቲውን ከትምህርቱ ማብቂያ 90 ቀን ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡት። የሥራ ፈቃድ ካርዱ የሚመጣው በፖስታ ነው። ተመራቂ ደግሞ ያኔ ቤት ይለቃል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የምትሞሉት ቤት የማይቀይር ሰው አድራሻ ይሁን፤ እኔ የሰጠሁት ያንን የሶፋውን ልጅ አድራሻ ነበር።