ጣሪያውን ከመቅደዳችሁ በፊት ግድግዳውን እዩት

በነፋስ የሚዞር አየር ማውጫ መጀመሪያ የገጠምኩት የራሴ ብየዳ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። የገጠምኳቸው ሁለቱም ማውጫዎች ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ፤ ውስጡ ግን እንደ ምድጃ ይፋጃል። ጣሪያውን ደጋግሜ መረመርኩት፤ ጥፋቱ ግን ታች ነበር። በሩ ሲዘጋ አየር የሚገባበት አንድም ቀዳዳ አልነበረም። የሚገባ ከሌለ ደግሞ የሚወጣ የለም።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። አንገቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማውጫ 700 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ ማውጫ ቢያንስ ይህን ያህል መግቢያ ከግድግዳው ግርጌ ክፈቱ። ወንፊት ከመታችሁበት ሽቦው ራሱ መንገድ ይዘጋል፤ እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ። ጣሪያው ሥር ያሉትን ክፍተቶች ግን ድፈኗቸው፤ ማውጫው አየር የሚስበው ከቅርቡ ስለሆነ ሰው ያለበት ሙቀት ሳይነካ ይቀራል። ኮርኒስ ካለም ከማውጫው በታች እሱንም መክፈት ግድ ነው።

ቦታው ከጣሪያው አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ክንፎቹ ግን ከአናቱ በላይ ወጥተው ከየትኛውም አቅጣጫ ነፋስ ያግኙ። ቆርቆሮው ላይ ስትወጡ የምስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ሥሩ እንጨት አለ። ቀዳዳውን በእንጨቶቹ መካከል በቆርቆሮ መቀስ ቁረጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከማውጫው ሥር ያለው ሰፊ ላሜራ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ወይም ከአናቱ ክዳን ሥር መግባት አለበት፤ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከቆርቆሮው በላይ ይረፍ። ሁሉንም ከላይ አስቀምጦ በሲሊኮን መለጠፍ አያዋጣም። ሲሊኮኑ ሲሰነጠቅ ዝናቡ በዚያው ይገባል። ብሎኖቹን በጎማ ዋሸር እሰሯቸው።

ከዚያ አንገቱን እያዞራችሁ አናቱን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ካዘመመ ኩሽኔታው በአንድ ጎን ይበላል፤ ሌሊት ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል የምትሰሙት እሱ ነው።

ነፋስ ባይኖርም ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሥራው አይቆምም፤ ይቀንሳል እንጂ። ከውጭው አየር በታች ያቀዘቅዛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ እሳት የሚነድበት፣ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካለ የታችኛውን መግቢያ በፍጹም አትዝጉ። አየር ያጣው የጣሪያ ማውጫ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ሊስበው ይችላል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታ የለውም።

በመጨረሻ የሶፍት ብጣሽ መግቢያው አጠገብ ያዙ። ወደ ውስጥ ከተሳበ ሥራችሁ ተሳክቷል፤ ዝም ካለ መሰላሉን ሳትወጡ ግድግዳው ላይ ሌላ ቀዳዳ ክፈቱ።