ማስክ፣ ስኖርክልና ትዕግስት፦ ከደሴት ዳርቻ ተነስቶ ኮራል እንዴት ማየት ይቻላል

ወደ ሞቃታማ ደሴት ለእረፍት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ላይ ይጋደማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ ይመለሳል። ክፋት የለውም። ግን ከተጋደመበት ቦታ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከውሃው በታች፣ የደሴቱ ምርጥ ነገር ሳይታይ ይቀራል። የኮራል ሪፎች (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቧቸው ድንጋይ መሰል ክምሮች) ከውቅያኖስ ወለል የሚሸፍኑት ከ1 በመቶ በታች ቢሆንም፣ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሆነ የሕይወት ዘመናቸው ይጠለሉባቸዋል። ይህን ለማየት የጠላቂ ሰርተፊኬትም የአየር ጋንም አያስፈልግም። ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር)፣ ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ በአፍ የሚተነፈስበት ቱቦ)፣ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ) እና የተረጋጋ ትንፋሽ ይበቃል። ዋና የማይችል ሰው ግን የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ፤ ከሚቆምበት ጥልቀትም አይለፍ።

1. ማስኩን ፊታችሁ ላይ ሞክሩት

ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከሌላው ላይ ቆጥቡ። ማሰሪያውን ገልብጡና ማስኩን ፊታችሁ ላይ ብቻ ደገፍ አድርጉት፤ ከዚያ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁ ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ወይም በጎን አየር ሲሾልክ ከተሰማችሁ ሌላ ሞክሩ፤ ሻጩ “ውሃ ውስጥ ይስተካከላል” ቢላችሁ አትስሙት። ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን፣ ፊት ለፊቱ ፕላስቲክ ሳይሆን ጠንካራ መስታወት ይሁን። ተራ የመዋኛ መነጽር አይተካውም። አፍንጫን ስለማይሸፍን፣ ወደ ታች ስትወርዱ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣውን ግፊት የምታስተካክሉበት መንገድ የለም።

ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን አዲሱን ዓይነት ማስክ እኔ አልወደውም። ሰዎች በአፍንጫም በአፍም ስለሚያስተነፍስ ይመርጡታል። ችግር ሲመጣ ግን አፍ ውስጥ ያለ ቱቦ ተፍቶ ይጣላል፤ ይሄኛው ከራስ ላይ መፈታት አለበት። ጥራቱ ዝቅ ያለው ደግሞ ያስወጣችሁትን አየር መልሶ ያስተነፍሳችኋል። አፍንጫንም መጨበጥ ስለማይቻል ወደ ታች መጥለቅ አይታሰብም።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ የማይታይ ቅባት ይኖረዋል። ነጭ የጥርስ ሳሙና (ጄል ያልሆነውን) ቀብታችሁ በጣት ደጋግማችሁ እሹትና እጠቡት። ይህ ካልተደረገ ምንም ብታደርጉ እንፋሎት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከመግባታችሁ በፊት ደረቁ መስታወት ላይ ትንሽ ምራቅ ተፉበት፣ አሹት፣ በባሕር ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። የሚያስጸይፈው ካለ በውሃ የቀጠነ የሕፃን ሻምፑ ይጠቀም።

2. ውሃ ሲገባ ምን ይደረጋል?

ጀማሪ ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ትንሽ ውሃ ማስኩ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ይነካል፣ ሰውየው ደንግጦ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ማሰሪያውን ያጠብቃል። ማሰሪያ ሲጠብቅ ደግሞ የሲሊኮኑ ጠርዝ ይጨማደድና ይብስ ያፈሳል። ማሰሪያው ማስኩን ደገፍ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው፤ አጥብቆ የሚይዘው የውሃው ግፊት ነው። ላላ አድርጉትና ከጆሮ ከፍ አድርጋችሁ የኋላው ራስ ሰፊው ቦታ ላይ አሳርፉት። ከዚያ በጣታችሁ ጠርዙን ዙሩት፦ አንዲት የፀጉር ዘለላ ከስሩ ካለች ታስገባለች። ጺም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ቀጭን መስመር ቢላጭ ይገላገላል። ያቺን መስመር ከመላጨት የባሕር ውሃ መጠጣት የመረጠ ወዳጅ አለኝ፤ ምርጫው የራሱ ነው። ውሃ ውስጥ መሳቅም ያስገባል፤ ጉንጭ ሲነሳ ጠርዙ ይከፈታልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትንሽ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ማስወጣቱን ወገብ በሚደርስ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ተለማመዱ። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጉና የማስኩን ታችኛ ጠርዝ ሆን ብላችሁ ከፈት አድርጋችሁ ትንሽ ውሃ አስገቡ። አሁን የላይኛውን ጠርዝ ግንባራችሁ ላይ በመዳፍ ጫን አድርጉ፣ አገጫችሁን ትንሽ ቀና አድርጉና በአፍንጫ ረዘም አድርጋችሁ ተንፍሱ። አየሩ ከላይ ይሞላል፣ ውሃው በታች ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ሰውነታችሁ እምቢ ይላል፤ አፍንጫ ውሃ ሲነካው ትንፋሽን ቀጥ ማድረግ ተፈጥሮ ነው። ሳትደነግጡ እስክታወጡት ድረስ ደጋግሙት፤ ከዚያ በፊት እግራችሁ ከማይደርስበት አትሂዱ።

ቱቦው ቀላል ነው። ውሃ ሲገባበት አንዴ “ቱ!” ብላችሁ በኃይል ንፉ። ቀጥሎ ያለውን ትንፋሽ ግን በቀስታ ሳቡ፤ የቀረች ጠብታ ካለች አታንቃችሁም። ረጅም ቱቦ የተሻለ ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ያስወጣችሁት አየር ውስጡ ይቀርና እሱኑ ትስባላችሁ።

3. ባሕሩን ቆማችሁ እዩት

ጠዋት ምረጡ፤ ነፋሱ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። በአብዛኛው ቦታ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ጥልቀት በሌለው ሪፍ ላይ ዝቅ ባለበት ሰዓት ከገባችሁ ሆዳችሁ ኮራሉን ይፈገፍጋል። ሰዓቱን የሆቴሉ ሠራተኛ ወይም ዓሣ አስጋሪ ያውቀዋል።

ዋናው አደጋ ሻርክ ሳይሆን ከዳርቻ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ነው። ተንኮሉ ደግሞ ማማሩ ነው፦ ግራና ቀኝ ሞገድ እየተሰበረ መሃል ላይ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ ጸጥተኛ መስመር ይታያል፤ ጀማሪም “እዚህ ጋ ይሻላል” ብሎ በዚያው ይገባል። አረፋና የደፈረሰ አሸዋ ወደ ውስጥ ሲሄድበት ካያችሁ ራቁ። ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ውጡና ከዚያ ተመለሱ፤ ጉልበት ካጠራችሁ ተንሳፍፋችሁ እጃችሁን አውለብልቡ።

4. ፀሐይ

ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠላችሁ የሚታወቃችሁ ማታ ነው። አንገት፣ ጀርባ፣ የጉልበት ጀርባ። እኔ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ይልቅ እጅጌ ያለው የዋና ሸሚዝ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አይታጠብም፣ ኮራልም አይጎዳም። ሃዋይ ኮራል ይጎዳሉ የተባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያለባቸው ቅባቶች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጡ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላውም ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቅባቶችን ከልክላለች። ለቀረው አካል ዚንክ ኦክሳይድ ያለውን ተቀቡ።

5. ግቡ፣ ግን አትቸኩሉ

ፊን አድርጋችሁ ወደ ፊት አትራመዱ፤ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ግቡ። ሁልጊዜ ከሰው ጋር ሁኑ።

ከገባችሁ በኋላ መዋኘት ተዉ። ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ከጭን እያንቀሳቀሳችሁ ቀስ በሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆዩ። ጥቂት ደቂቃ ስትቆዩ የተደበቁት ዓሣዎች ይወጣሉ። ጸጥ ካላችሁ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮትፊሽ የሚባል ዓሣ ነው፤ እንደ በቀቀን መንቁር የመሰለ ጥርስ አለው፣ ከኮራል ላይ አልጌ ሲፍቅ ድንጋዩንም አብሮ ይፈጫል። ከኋላው ተከተሉት፤ ድንገት ነጭ ብናኝ ይለቃል። አሸዋ ነው። በብዙ ሞቃታማ ደሴቶች የምትጋደሙበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ በዚህ ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለፈ ነው።

ምንም አትንኩ፣ ኮራል ላይም አትቁሙ። ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት መኖሪያ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በዓመት ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ ነው የሚያድገው። ለራሳችሁም ይበጃል። ስቶንፊሽ የሚባለው መርዛማ ዓሣ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤ ኮን ስኔል የሚባለው ባለ ውብ ዛጎል ቀንድ አውጣ መርዙ ሰው ገድሎ ያውቃል። በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ጎጆውን የሚጠብቅ ታይታን ትሪገርፊሽ የሚባል ዓሣ ቢያባርራችሁ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሽሹ፤ የሚከላከለው ክልል ወደ ላይ እየሰፋ ነው የሚሄደው።

6. ወደ ታች መውረድ ካማራችሁ

ጆሮ ከአንድ ሁለት ሜትር ጀምሮ ያማል። ሳያም በፊት አፍንጫችሁን ጨብጣችሁ በቀስታ ንፉ፤ ጆሯችሁ ካልተከፈተ ተመለሱ። ከመውረዳችሁ በፊት ደግሞ በፍጥነት ደጋግማችሁ በኃይል አትተንፍሱ። ይህ ኦክስጅን አይጨምርም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀንሶ “ተንፍስ” የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያጠፋል፤ ሰው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችም ሞተውበታል።

7. ከወጣችሁ በኋላ

ኮራል ከቧጨራችሁ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው በንጹህ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፤ ውስጡ ስብርባሪ ከቀረ ያመረቅዛል። ዕቃውንም ጨው በሌለው ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ሥር አድርቁ። ማስኩ ላይ ሌላ ዕቃ አትጫኑበት፤ ጠርዙ ከተጣመመ በሚቀጥለው ቀን ያፈሳል።