ኦስሞሲስን በድንች እንዴት ማየት ይቻላል

አንድን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የኦስሞሲስን ትርጉም ብትጠይቁት አንድም ቃል ሳያዛንፍ ይወጣዋል። «የተላጠ ድንች ጨው ውኃ ውስጥ ቢያድር ጠዋት ይጠነክራል ወይስ ይልፈሰፈሳል?» ብትሉት ግን ያመነታል። የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ትርጉሙ ተሸምድዷል፣ ነገሩ ግን አልታየም። ለማየት ደግሞ መብራትም ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም። ድንች ለጎጃም ብርቅ አይደለም፤ ከቆጋ መስኖ እስከ ባንጃ፣ ከዚያም እስከ ጮቄ ግርጌ በየገበያው ተቆልሎ ይሸጣል።

ሐሳቡ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ በስስ ገለፈት የተሸፈነ ነው። ገለፈቱ ውኃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ጨውንና ስኳርን ግን እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ በአንዱ ወገን የሟሟው ነገር ከበዛ ውኃው ወደዚያው ያመዝናል፤ ኦስሞሲስ የሚባለው ይኸው ነው። የዕፅዋት ሕዋስ ከገለፈቱ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው፣ ውኃ ሲገባበት ግድግዳውን ገፍቶ ይወጠራል፤ ሲወጣበት ይጠወልጋል። ከሰዓት በኋላ የጠወለገ ጎመን ነጋዴዋ ውኃ ስትረጭበት ቀና የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልገው

ሁለት ትልልቅ ድንች፣ ጨው፣ አምስት ብርጭቆ፣ የቡና ሲኒ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ስል ቢላዋ፣ ማስመሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅና ደብተር። የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለይ ሚዛን ከተገኘ እሰየው፤ የሱቅ ሚዛን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሌለ ማስመሪያው ይበቃል።

ውኃውን ማዘጋጀት

በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከአፉ እኩል የተሞላ 5 የሻይ ማንኪያ ጨው (30 ግራም ገደማ) ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉት። ይህ 3 በመቶ ጨው ያለው ውኃ ነው። ቀሪዎቹን ከዚህ በሲኒ እየለካችሁ ታቀጥናላችሁ። በመጀመሪያው ብርጭቆ 3 ሲኒ ንጹሕ ውኃ ብቻ ጨምሩ። በሁለተኛው ግማሽ ሲኒ ጨው ውኃ ከ2 ሲኒ ተኩል ንጹሕ ውኃ ጋር ይግባ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። በሦስተኛው 1 ለ2 (1 በመቶ)፣ በአራተኛው 2 ለ1 (2 በመቶ) ቀላቅሉ። በአምስተኛው 3 ሲኒ ጨው ውኃ ሳይቀጥን ይጨመራል። በየብርጭቆው ላይ መጠኑን ጽፋችሁ ለጥፉ።

ድንቹን መቁረጥ

ልጣጩን ሙሉ በሙሉ አንሡ፤ የድንች ልጣጭ ውኃ እንዳያልፍ የሚከላከል ሽፋን ስላለው ጥቂት እንኳ ቢቀር ውጤቱን ያዛባል። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ወርድና ውፍረት ያላቸው 15 ቁራጮች አውጡ፤ ለየብርጭቆው ሦስት ሦስት ይደርሳል። እኩል መቁረጡ ለውበት አይደለም። ወፍራሙ ቁራጭ ከክብደቱ አንጻር ውኃ የሚነካው ገጹ ትንሽ ስለሆነ፣ ልዩነት ስታዩ የጨው ይሁን የቢላዋ መለየት ያቅታችኋል። አንድ ነገር ብቻ ይለዋወጥ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን የሚለው የሙከራ ሕግ እዚህ በእጅ ይዳሰሳል። ከሁለት ድንች የምትቆርጡ ከሆነም የሁለቱን ቁራጮች በየብርጭቆው አደባልቁ።

ቁራጮቹ ሳይደርቁ ለክታችሁ መዝግቡና ክተቷቸው። ከዚያ በፊት ግን በደብተራችሁ ላይ ግምታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ፤ የትኛው ይረዝማል? የትኛው ያጥራል? ሳይለወጥ የሚቀር ይኖር ይሆን? ይህን አትዝለሉት፤ ሳይገምት የሚያይ ተማሪ ውጤቱን እንደ ወሬ ሰምቶ ያልፈዋል።

ማሳደርና መለካት

ሁለት ሰዓት ቢበቃም ማታ አስገብቶ ጠዋት ማየት ይሻላል፤ በተለይ እንደ እንጅባራ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ውኃው ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ብርጭቆዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይደሩ፤ አንዱ ምድጃ አጠገብ፣ ሌላው መስኮት ላይ አይሁን።

ጠዋት ቁራጮቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ሳትጨምቁ በጨርቅ አድርቁ። ከመለካታችሁ በፊት በጣታችሁ ጎበጥ አድርጓቸው። ከንጹሕ ውኃ የወጣው ግትር ነው፤ ጎበጥ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከ3 በመቶው የወጣው እንደ ጠፍር ይተጣጠፋል።

በየብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ታያላችሁ። ጨው አይደለም፤ ቢላዋው ከቀደዳቸው ሕዋሳት የፈሰሰ ስታርች ነው። አንድ ጠብታ አዮዲን ብታደርጉበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ተማሪዎች «ድንች በስታርች የተሞላ ከሆነ ለምን ከዚህ የበለጠ ውኃ አይስብም?» ብለው ቢጠይቁ ደስ ይበላችሁ፤ ድንቅ ጥያቄ ነው። ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ ስለማይሟሟ ውኃ አይስብም። ተክሉ ስንቁን በስኳር መልክ ሳይሆን በስታርች መልክ ማከማቸቱ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

ግራፉ

የመጨረሻው ልኬት ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ ልዩነቱን ለመጀመሪያው አካፍላችሁ በ100 አባዙ። 50 ሚሊ ሜትር የነበረው 52 ከሆነ 4 በመቶ ጨመረ፤ 48 ከሆነ 4 በመቶ ቀነሰ። የሦስቱን ቁራጮች አማካይ ያዙ። የጨዉን መጠን በአግድም፣ ለውጡን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን በመስመር ስታያይዙ፣ መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበት ቦታ ድንቹና ውኃው የተካከሉበት ነው። ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ላይ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽም 0.9 በመቶ ነው፤ ከደም ሕዋሳት ጋር እንዲመጣጠን ታስቦ የተለካ። የድንች ሕዋስ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የማይፈነዳው ግድግዳ ስላለው ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ግድግዳ ስለሌለው ይፈነዳል።

ሕያው ገለፈት ለመሆኑ ማረጋገጫ

አንድ ጥሬና አንድ የተቀቀለ ድንች ውሰዱ። ሥራቸውን ላጡ፤ አናታቸውን በማንኪያ ቦርቡሩና ጉድጓዱ ውስጥ አንዳንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ። ከዚያ ጥቂት ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ አቁሟቸው። ካደሩ በኋላ የጥሬው ጉድጓድ ውኃ አቁሮ ታገኙታላችሁ፤ የተቀቀለው እንደዚያ አይሞላም። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም ሙቀቱ ገለፈቱን ለማፍረስ ከበቂ በላይ ነው። የፈረሰ ገለፈት ደግሞ ስኳሩን ከውኃው አይለይም።

ለመቀጠል የሚፈልግ በጨው ፈንታ ስኳር ይሞክር። 3 በመቶ ስኳር ድንቹን አያልፈሰፍሰውም፤ ለመመጣጠን ከጨዉ አሥር እጥፍ ገደማ ስኳር ያስፈልጋል። ውኃን የሚስበው የሟሟው ነገር ክብደት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። የስኳር ሞለኪውል ከባድ ስለሆነ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ጨው ደግሞ ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ የስኳሩን ብርጭቆዎች 0፣ 5፣ 10፣ 15 እና 20 በመቶ አድርጋችሁ አዘጋጁ።