የግራፊክስ ካርድ ለተገጠመላቸው የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሮች

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሪሞት ዴስክቶፕ (ከርቀት ሆኖ በሰርቨሩ ላይ የመሥራት) አገልግሎት የምታስተዳድሩ ባለሙያዎች፣ የግራፊክስ ካርድ መግጠምና ድራይቨሩን መጫን ብቻውን በቂ አለመሆኑን ልብ እንድትሉ እወዳለሁ፤ ቅንብሩ ካልተለወጠ የተጠቃሚዎቹ ሴሽኖች (በሰርቨሩ ላይ የከፈቷቸው የሥራ ግንኙነቶች) ምስሉን የሚሠሩት በፕሮሰሰሩ ስለሆነ፣ ውድ ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንደ አውቶካድ ያሉ የንድፍ ፕሮግራሞች ይንቀራፈፋሉ። መፍትሔው በግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ መመሪያዎች በሚቀናበሩበት መሣሪያ) ውስጥ፣ በ«ሪሞት ሴሽን ኢንቫይሮመንት» ሥር፣ «ዩዝ ሃርድዌር ግራፊክስ አዳፕተርስ» ብሎ የሚጀምረውን መመሪያ ማንቃት ነው። እዚያው የሚገኘውን የኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ሃርድዌር ኢንኮዲንግም አብራችሁ አንቁት፤ ምስሉን ጨምቆ ወደ ተጠቃሚው የመላኩን ሸክም ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚያነሳው እርሱ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ሰርቨሩን ዳግም አስነሥታችሁ ከተገናኛችሁ በኋላ፣ በኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገቦች መመልከቻ) የ«አርዲፒ ኮር ቲኤስ» መዝገብ ውስጥ ቁጥር 170 የሆነው መልእክት 1 የሚል ቁጥር ካሳየ፣ ኢንኮዲንጉ በካርዱ እየተከናወነ ነው።