ቢራ የምትጠጡ ከሆነ አንጀታችሁን ሳትጎዱ እንዴት?

"ቢራ ኩላሊት ያጥባል" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፣ አሁን ደሞ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያሉ ግሮሰሪዎች ውስጥ "ለአንጀት ባክቴሪያ ጥሩ ነው ተባለ እኮ" የሚል ወሬ መጥቷል። ወሬው ከመሬት አልተነሳም ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. 2022 የፖርቹጋል ተመራማሪዎች 20 የሚጠጉ ጤነኛ ወንዶችን ለ4 ሳምንት በየቀኑ ከእራት ጋር አንድ ቢራ አጠጧቸው፣ አንዱ ቡድን 5.2% አልኮል ያለውን ሌላው ደግሞ አልኮል የሌለውን። መጨረሻ ላይ በሁለቱም ቡድን አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ አይነት በዝቶ ተገኘ፣ ኪሏቸውም አልጨመረም። አያችሁ፣ አልኮል ያልነካቸውም ለውጡን አግኝተዋል! ስለዚ ዋናው ነገር ከብቅሉና ከሆፕሱ (ቢራውን መራራ ከሚያደርገው አበባ) የሚመጣው ፖሊፊኖል የሚባለው የእጽዋት ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ አብዛኛው ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ይጠቀሙበታል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሴትም የለበትም፣ የአለም ጤና ድርጅት ደሞ 2023 ላይ ምንም አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል፣ አልኮል ካንሰር ያመጣል። የማትጠጡ ሰዎች ለአንጀት ብላችሁ እንዳትጀምሩ በጣም አደራ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ደሞ ጭራሽ አይነካም።

እሺ የምትጠጡትስ? አንድ ጠርሙስ፣ 330 ሚሊ፣ ከምግብ ጋር፣ በቃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነካ ይቆይና ቅዳሜ ማታ ቁርጥና ጥብስ ይዞ የሰባቱን ቀን አንዴ ያወርደዋል፣ እንደዛ አይሰራም። አልኮል ሲበዛ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳና የባክቴሪያው መርዝ ወደ ደም ያልፋል፣ ከዛ ቀጥታ ጉበት ጋ ነው የሚሄደው፣ ማለትም ያንኑ ልትጠቅሙት የፈለጋችሁትን አንጀት ነው የምትጎዱት። ሰው ራውንድ ሲያዝ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ "በሞቴ" ከተባለማ አለቀ፣ ስለዚ ገና ስትቀመጡ የመጀመሪያውን እናንተ እዘዙና ቀጣዩን አምቦ ውሃ አድርጉት፣ አስተናጋጇ ባዶ ጠርሙሱን እንዳታነሳው ንገሯት፣ ፊት ለፊታችሁ ሲቆም ቁጥሩ አይጠፋባችሁም።

ባዶ ሆድ በፍጹም። በተለይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ምግብ ሳይቀምስ ቢራ የሚከፍት አለ፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ይሄ ከባድ ነው። መጀመሪያ ሽሮ ወይ ምስር በእንጀራ ይብላ፣ እንደውም ለአንጀት ባክቴሪያ ከቢራ በላይ የሚሆነው እሱ ነው፣ ምስሩ ሽምብራው ባቄላው ጎመኑ ፋይበር ነው፣ በፍስክ ቀን ደሞ እርጎ አለ። ይሄ ሁሉ ቤታችን እያለ የባክቴሪያ ምግብ ከግሮሰሪ መፈለግ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

አልኮል የሌለው ቢራ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ ግን ከማልት ጋር አታምታቱት፣ ማልት ጣፋጭ ነው ስኳሩ ብዙ ነው፣ ስኳር ያለባችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

መድሃኒት ላይ ያላችሁ ደሞ ሌላ ነገር ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘውን ሜትሮኒዳዞል እየወሰዳችሁ አትጠጡ፣ ጨርሳችሁም ቢያንስ 3 ቀን ቆዩ። የቲቢ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ ቀድሞውኑ እየለፋ ስለሆነ አንዷም ትቅርበት። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ በዛው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ኦሜፕራዞል ገዝታችሁ አትተኙ።